ክረምቱን ቆማ የከረመች ቮልስ ለምን አልነሳም ትላለች?

ሰኔ ላይ በራሷ ጉልበት ግቢ የገባች ቮልስ መስከረም ላይ ቁልፍ ሲዞርላት አልነሳም ትላለች። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነገር ተሰብሯል የሚል ነው። ስለዚህ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ይነካካል፤ የካርቡሬተሩን ቡሎን ያጠብቃል፣ ዲስትሪቢዩተሩን ያላላል፣ የሰፈር ልጆች ጠርቶ ያስገፋል። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ስትቆም ትሠራ ነበር ወይ?

መልሱ አዎ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል። ቆማ ሳለች ፒስተን አልተበላም፣ ማርሽ አልተፋቀም፣ ታይሚንጓም ከቦታው አልተነቃነቀም። መቆም የሚያበላሻቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ባትሪ ኃይሉን ያጣል፣ ቤንዚን ያረጃል፣ እርጥበት ኤሌክትሪክ የሚተላለፍባቸውን ብረቶች ያዝጋል፣ ላስቲክ ይደርቃል፣ አይጥ ጎጆ ይሠራል። ምርመራችን ከነዚህ መውጣት የለበትም። በራሱ ሊዛባ የማይችለውን ነገር በእጃችን ካዛባነው አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ማንም መካኒክ አይጠረጥረውም።

ለምሳሌ የያዝኩት ቮልስን ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዛሬም በየዕለቱ የምትታይ አሮጌ መኪና እሷ ናትና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር፤ የዚያች መኪና የዕድሜ እኩዮች አሁንም ዳገት ይወጣሉ። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች። በትውልድ አገሯ በጀርመን ብዙ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በረዶውንና መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ሸሽተው በብርዱ ወራት ያቆሟታል፤ በዓመት ለተወሰኑ ወራት ብቻ የሚያገለግል ሰሌዳም ይሰጣቸዋል። እኛን የሚያስቆመን ዝናቡ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ዝናብ በአሮጌ የበር ላስቲክ ሾልኮ ወለሏን ስለሚያበሰብስ፣ ብዙ ሰው ሸራ አልብሶ መስቀል እስኪደርስ ይተዋታል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሲሆንማ ከዓመት ዓመት የምትቆምበትም ጊዜ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉትን በደህና ማቆየት ከፍቅርም ያለፈ ቁም ነገር ሆኗል።

የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ የሚፈልገው ጥቂት ነው። ፒስተኑ አምቆ የሚጫነው አየር፣ ከአየሩ ጋር በልኩ የተቀላቀለ ቤንዚን፣ በትክክለኛዋ ቅጽበት የሚፈነጥቅ እሳት፤ ከነዚህ በፊት ደግሞ ሞተሩን መጀመሪያ የሚያዞረው ባትሪና ሞተሪኖ። ስትቆም ትሠራ ለነበረች መኪና የመጀመሪያው፣ የአየር መታመቁ፣ ብዙውን ጊዜ በቦታው አለ። የሚቀሩን ባትሪ፣ እሳትና ቤንዚን ናቸው።

ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ግን አፍንጫና ዓይን ይሥሩ። ሸራውን ገፋችሁ በሮቿን ስትከፍቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቆም በሉ። የቮልስ ነዳጅ ታንከር ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ቤንዚኑ በወለሏ መሐል በሚያልፍ ቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይመጣና የመጨረሻውን መንገድ በአጫጭር የጎማ ቱቦዎች ይጨርሳል። እነዚህ ጎማዎች ያሉት ከጋለው ሞተር ጎን ነው። ከላይ ጨርቅ የለበሱት የድሮዎቹ በውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ይሰነጠቃሉ። ጎማውን በጣቶቻችሁ እጠፉት፤ ከጠጠረ ወይም መታጠፊያው ላይ ቀጫጭን መሥመር ካሳየ ሁሉንም ከነፋሸታቸው ቀይሯቸው። ከታንከሩ ሥር ያለችውን ቁራጭ አትርሷት፤ ከዓይን ስለምትርቅ ተረስታ የምትቀር እሷ ናት። ካርቡሬተሩ ላይ ጎማው የሚሰካበትን የነሐስ ቱቦም ያዝ አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ከቤቱ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። በዚህ ነገር ላይ አጥብቄ የምናገረው ብዙ ቮልሶች በእርጅና ሳይሆን በእነዚህ ጎማዎች ምክንያት ተቃጥለው ስላለቁ ነው። የሞተሯ ቤት ማግኒዥየም ከተቀላቀለበት ብረት የተሠራ በመሆኑ አንዴ በእሳት ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጃችሁ ሳይኖር ሥራውን አትጀምሩ።

ቀጥሎ ዘይቱን እዩ። መለኪያዋን መዝዛችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ በተቀደደ የነዳጅ ፖምፓ ላስቲክ ወይም በካርቡሬተሩ በኩል ቤንዚን ወደ ሞተሩ ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ብረቱን ከመፋጨት አያድነውም፤ ቤንዚኑ ከየት እንደገባ ታውቆ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መዞር የለበትም። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ወጪው ከባድ አይደለም። ከዚያ የማራገቢያዋን ቤት በባትሪ መብራት ፈትሹ። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በንፋስ ነው፤ አይጥ እዚያ ውስጥ ጨርቅና ሣር ከጎዘጎዘች ሞተሩ ሲነሳ ደህና ሆኖ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ከመጠን በላይ ይግላል። አይጥ በገባችበት ሁሉ የተበላ ሽቦ ፈልጉ።

ከሦስት ወር በላይ ለቆመች መኪና አንድ ነገር ልጨምር። አራቱንም ካንዴላዎች ፍቱና በየቀዳዳው የሻይ ማንኪያ የማይሞላ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጉ፤ ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ካንዴላ የሚፈታበት 21 ቁጥር ቁልፍ የዲናሞዋን ፑሊ ነትም ይይዛል፤ ቺንጊያዋ ካልላላች ሞተሩ አብሮ ይዞራል። በቀላሉ ከዞረ ውስጡ ጤነኛ ነው። እምቢ ካለ በሞተሪኖ አታስገድዱት፤ ዘይቱ አድሮ ሰርጎ እንዲገባ ጠብቁና በማግስቱ ሞክሩ።

አሁን ቁልፉን አዙሩና አድምጡ። የምርመራው ግማሽ ጆሮ ነው።

ምንም ድምፅ ከሌለና የዳሽቦርዱ ቀይ መብራት ከደበዘዘ ወይም ጭራሽ ካልበራ ባትሪው ጋ እንሄዳለን። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ተደብቋል። እርሳስና አሲድ ያለበት ባትሪ ሥራ ፈቶ እንኳ በየወሩ ከኃይሉ ይቀንሳል፤ ያረጀው ደግሞ ይብሳል። ኃይሉ ሲወርድ በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ተመልሶ ይሟሟል፤ ለወራት ከተተወ ግን ይጠጥርና ሳህኑን ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ክረምቱን ባዶውን ያሳለፈ ባትሪ ቻርጅ ተደርጎም በማግስቱ የሚሞተው። በቴስተር ሲለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ካሳየ አብዛኛው ኃይሉ ወጥቷል። ውሃው ከሳህኖቹ በታች ወርዶ እንደሆነ ዲስትልድ ውሃ ጨምሩና በ4 ወይም በ5 አምፔር ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይሞላ። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ አጠገቡ ሲጋራም ሻማም አይደርስም። ተሞልቶ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቴጁ ከ9 በታች የሚወርድ ከሆነ በሌላ መተካት አለበት።

ከሌላ መኪና በኬብል ኃይል ከመበደር በፊት ግን የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ መኪናዋ ባለ 6 ቮልት ናት፤ ስድስት ከሆኑ ባለ 12። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ብዙዎቹ ባለ 6 ናቸው፤ የጎረቤትን ቶዮታ 12 ቮልት ቀጥታ ብትሰጧቸው አምፖላቸውንና ኮይላቸውን ታቃጥላላችሁ። ባለ 12 ከሆነች መጀመሪያ ቀዩን ኬብል ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ አያይዙ፤ የጥቁሩን የመጨረሻ ጫፍ ከባትሪው ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ቆንጥጡት፣ ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ። ሥራው ሲያልቅ የባትሪውን መሸፈኛ መልሳችሁ ክደኑ። የኋላ ወንበር ስፕሪንግ ብረት ነው፤ መሸፈኛ በሌለው ባትሪ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ሁለቱን ምሰሶዎች ይነካና ወንበሩ ውስጥ ያለው ጭድ መሰል ነገር ይቀጣጠላል።

መብራቱ ደምቆ በርቶ ከሞተሪኖው «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ከመጣስ? ይህ ብዙ ጊዜ የገመድ ጉዳይ ነው። ሞተሪኖ የሚጠይቀው ኃይል ከመብራት ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ለመብራት የሚበቃ ቀጭን መተላለፊያ ለእሱ አይበቃውም። የባትሪውን ምሰሶዎች ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰው ካገኛችኋቸው ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቧቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉ። ይህን አድርገው ያልተሳካላቸው ሰዎች ሞተሪኖ ያስፈታሉ። ከዚያ በፊት ከመኪናዋ ሥር ገብታችሁ ካምቢዮውን ከሻሲው ጋር የምታያይዘዋን የሽቦ ጥልፍ ፈልጉ። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት በላስቲክ ላይ ስለሆነ የኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ እሷ ብቻ ናት፤ መሬት አጠገብ ተንጠልጥላ የክረምቱን ጭቃና እርጥበት ሁሉ የምትቀበለውም እሷ ናት። ሁለቱን ጫፎቿን ፈትታችሁ ፈትጉና መልሳችሁ አጥብቁ። ሞቷል የተባለ ሞተሪኖ በዚህች ሥራ ሕይወት ሲዘራ ማየት ያስደስታል።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልያዘ ጥያቄው ወደ ሁለት ወርዷል፦ እሳት ወይስ ቤንዚን? እዚህ ጋ ሰዎች ባትሪው እስኪያልቅ ቁልፉን ይዘው ይቆያሉ። አታድርጉት። በሁለት ደቂቃ ሁለቱን የሚለይ ፈተና አለ። የአየር ፊልትሮውን አንሱ፣ በመድኃኒት ሲሪንጅ የሻይ ማንኪያ የምታህል ትኩስ ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ ውስጥ ጨምሩ፣ ፊልትሮውን መልሳችሁ ግጠሙ፣ የቤንዚኑን ዕቃ ከግቢው ጥግ አድርሱ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። ሞተሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ተነስቶ ከጠፋ እሳቱ ደህና ነው፤ የጎደለው ቤንዚን ነው። ጭራሽ ካልያዘ እሳቱን እንመርምር። አንዱ ቁልፍ እያዞረ ሌላው ከላይ ከጠርሙስ የሚያንቆረቁርበትን ልማድ ግን በየጋራዡ ባየው ቁጥር ይከፋኛል። ሞተር ወደ ላይ እሳት ሲተፋ ፊቱን ያጣ ሰው አለ።

የእሳቱ ነገር እንዲህ ነው። በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ፖይንት የምትባል ትንሽ መቆራረጫ አለች። ስትገጥም የባትሪው ኃይል በኮይሉ ውስጥ ያልፍና ማግኔት ይፈጥራል፤ ስትከፈት ማግኔቱ በአንድ ጊዜ ይፈርስና በኮይሉ ሁለተኛ ጥቅል ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወልዳል። ካንዴላው ጫፍ ላይ ክፍተቱን ዘልሎ የሚፈነጥቀው ይኸው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር ፖይንቷ 1,700 ጊዜ ትከፈታለች። በሥራ ላይ ስትሆን መገናኛዋ በራሱ ሲጸዳ ይኖራል፤ ለወራት ስትቆም ግን እርጥበቱ በዓይን የማይታይ ዝገት ያለብሳታል። አሥራ ሁለት ቮልት ያቺን ስስ ሽፋን መብሳት አይችልም። ኮይሉ ምንም አልሆነም፣ ካንዴላውም ምንም አልሆነም፤ ጸጉር የማታህል ዝገት ብቻ መኪናዋን አስቁማለች።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ካንዴላ ፈትታችሁ ገመዱ ላይ ሰኩት፣ የብረት አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት፣ ገመዱን እጀታው ፕላስቲክ በለበሰ ፒንሳ ያዙና ሌላ ሰው ቁልፍ ያዙር። ቅድም የፈሰሰ ቤንዚን ካለ መጀመሪያ ይድረቅ። ሰማያዊ ሆኖ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ብልጭታ ጤነኛ ነው፤ ቢጫና ስስ ከሆነ ደካማ ነው፤ ከሌለ ክዳኑን ክፈቱ። ፖይንቷን በስስ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሁለቴ ሳብ አድርጉባትና ከዚያ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመሐሏ እየጎተታችሁ አጽዷት፤ አሸዋው እዚያው ቢቀር ሌላ እንቅፋት ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የክዳኑን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እንደ እርሳስ መሥመር ያለ ጥቁር ጭረት ካያችሁ እሳቱ በዚያ እየሸሸ ስለሆነ ክዳኑ ይቀየር። ገመዶቹን ሁሉንም በአንዴ አትንቀሉ፤ የእሳቱ ተራ 1-4-3-2 ነው፣ ከተደበላለቀ መኪናዋ እየተነፈሰች እንጂ እየሠራች አትሄድም። ቁልፉንም ሞተሩ ሳይዞር «ክፍት» ላይ ለረጅም ጊዜ አትተዉት፤ ፖይንቷ ገጥማ ከቆመች ኮይሉ ይግላል።

ወደ ቤንዚኑ ስመጣ ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተውን ነገር ላስቀድም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን የሚቀመጥበት ትንሽ ገንዳ አለ፤ መጠኑን የሚጠብቀው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ እንዳለችው ተንሳፋፊ ያለ ነገር ነው፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍታል፣ ሲሞላ ተነሥቶ ይዘጋል። መኪናዋ ስትቆም የዚህ ገንዳ ቤንዚን ተንኖ ያልቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ በእኩል ሙቀት ቤንዚን ከወደብ ከተማ ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። ፖምፓው ከፊት ታንከር እስከ ኋላ ድረስ በደረቀ ቱቦ ቤንዚን ስቦ ገንዳውን እስኪሞላ ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ማዞር አለበት። ክረምቱን የሰነፈ ባትሪ ያንን አይችልም። ባለቤቱ «ባትሪዬ ሞቷል፣ ፖምፓዬም ሞቷል» ይላል፤ ሁለቱም ግን ደህና ናቸው። መፍትሔው ከካርቡሬተሩ ራስ ላይ ባለችው መተንፈሻ በኩል በሲሪንጅ ትኩስ ቤንዚን እየጨመሩ ገንዳውን መሙላት ነው። ከዚህ በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ የምትነሳ መኪና ብዙ ናት።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የአየሩን መግቢያ የምታጠብብ ቾክ የምትባል ቅጠል አለች፤ እንድትዘጋ ግን ከቁልፉ በፊት የቤንዚን ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ረግጦ መልቀቅ ያስፈልጋል። አዲስ መኪና መንዳት የለመደ ሰው ይህን አያውቅም፣ ቅጠሏ እንደተከፈተች ትቀራለች፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርዳም ጠዋት ሞተሩ አየር ብቻ ይስባል። ፊልትሮውን አንስታችሁ በዓይናችሁ እዩዋት፤ ዝገት ይዟት ከሆነ ጥቂት የሚረጭ ማጽጃ ትፈልጋለች።

ገንዳው ተሞልቶ ሞተሩ ተነስቶ ገንዳው ሲያልቅ ከጠፋ ፖምፓው አይልክም ማለት ነው። ከካርቡሬተሩ ጎማውን ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ፣ እሳት እንዳይፈነጥቅ የኮይሉን መሐል ገመድ ንቀሉና አዙሩ፤ ቤንዚኑ ልብ እንደሚመታ እየቆየ መፍሰስ አለበት። ካልመጣ ወይ የሆነ ቦታ ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ የፖምፓው ላስቲክ ደርቋል፣ ወይ የታንከሩ ወንፊት በዝገት ተዘግቷል። በጠርሙሱ ውስጥ የመጣውን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡና በብርሃን ተመልከቱ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይተኛል። እንደ ቫርኒሽ ከሸተተና ቀለሙ ከጠቆረ ደግሞ ቤንዚኑ አርጅቷል፤ ቶሎ የሚቀጣጠለው ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሙጫ የሚሆነው ክፍል ቀርቷል። በአዲስ አበባ ቤንዚንን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ጋር መደባለቅ በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሩ ይታወሳል፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲበዛበት ደግሞ ውሃውንና ኤታኖሉን አብሮ ወደ ታች ይጥላል። ያረጀውን ቀድቶ ማውጣት ግድ ነው። ወደ ቦይ አትድፉት፤ የሰፈሩ ሰው የሚጠጣው ውሃ ሊነካ ይችላል።

ተነስታ ፔዳሉ ሲለቀቅ የምትጠፋ ከሆነ ሙጫው የካርቡሬተሩን ትንሿን ቀዳዳ፣ የሥራ ፈት ዙሩን የምትመግበዋን ጄት፣ ዘግቷታል። በካቻቢቴ ፍቷት፣ በማጽጃ ዘፍዝፋችሁ በአየር ንፉባት። በሽቦ አትውጓት፣ ነሐስ ስለሆነች ቀዳዳዋ ይሰፋና ልኳ ለዘለዓለም ይጠፋል። በኋለኞቹ ሞዴሎች እዚያው አካባቢ አንድ ሽቦ የተሰካባት የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች፤ ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ካላለች ሽቦዋ ወልቋል ወይም ሞታለች። የቅልቅሉን ቡሎን ግን ተዉት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡሬተር ቤንዚን ማብዛቱ እውነት ነው፤ ሰኔ ላይም እንዲሁ ነበር፣ ነሐሴ ላይ አልተለወጠም።

ስትነሳ የሞተሩን ዙር ከፍ አታድርጉ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ካንዴላ ቀዳዳ ውስጥ የጨመራችሁት ዘይት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ አያስደንግጣችሁ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን አብራ የምታዞረውን ቺንጊያ እዩ፤ በመንገድ ላይ ብትበጠስ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ማቀዝቀዣም አይኖርም። ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬኑን እዚያው ግቢ ውስጥ ሞክሩ፤ ፔዳሉ ወደ ወለል ከሰመጠ ጉዞ የለም። የእጅ ፍሬን ተይዞ ከርሞ ከሆነ የኋላ ጎማዎች ከከበሮዎቹ ጋር ተጣብቀው ሊቆዩ ይችላሉ፣ ከበሮውን በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ያላቅቀዋል። ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ማርሽ አልገባም ካለም ዝገት ሳህኑን ይዞታል። ፍሬኑ ከተረጋገጠና ፊት ለፊቷ ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ፣ ሞተሩን አሙቁና አጥፉት፣ 2ኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ አስነሱ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሜትር ሄዳ ትለቃለች።

ለሚቀጥለው ክረምት በየሰፈሩ የሚሰጠው ምክር «ዘበኛው በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ያስነሳት» የሚል ነው። ይህን ምክር አልቀበለውም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል፤ ሞተሩ ሲግል ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ በአምስት ደቂቃ ግን አይግልም። ውሃው በማርሚታውና በዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን አያስመልስም። የሚነዳት ሰው ካለ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት በመንገድ ላይ ይንዳት። ከሌለ ጨርሶ አትነካ፤ ታንከሯን ሙሉ፣ ዘይቷን ቀይሩ፣ ጎማዋን ከወትሮው ጠንከር አድርጋችሁ ንፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ በማርሽና በታኮ ያዟት፣ ባትሪዋን አውጥታችሁ ቤት ውስጥ በየወሩ ሙሉት። ሸራውም ላስቲክ አይሁን፣ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀርባታል። መሪዋ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ ቤንዚኑ የተሞላበት ቀን፣ ባለ ስንት ቮልት እንደሆነች፣ በስንተኛ ማርሽ እንደቆመች፣ ባትሪዋ የት እንዳለ። መስከረም ላይ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።